የ1976 ቮልስ ኢንጀክሽን ዲያግራም፦ 36 እና 39 ቁጥር ሽቦዎች የት ይገባሉ?

ማሳ_ፈላጊ
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ቨርጂኒያ ነው። መኪናው እዚህ አሜሪካ የተሸጠ የ1976 ቮልስ ነው፣ ኢንጀክሽኑ (ቤንዚኑን በኮምፒውተር ትዕዛዝ የሚረጨው ሥርዓት) የቦሽ ኤል ጄትሮኒክ። ሞተሪኖ (ማስነሻውን) እያዞርኩ ይነሳል፣ ቁልፉን ስለቀው ወዲያው ይጠፋል። ባለ ካርቡራተሩን የአገር ቤት ቮልስ በደንብ አውቀዋለሁ፣ የዚህኛው ዲያግራም ግን ግራ አጋባኝ። ሽቦው መሃል መንገድ ላይ ይቆረጥና ጫፉ ላይ በትንሽ ሳጥን ቁጥር ይጻፋል። ሪሌው (በትንሽ ኃይል ታዝዞ ትልቁን ኃይል የሚያገናኘው) 86 እና 88 የሚሉ፣ ፊደል የተቀጠለባቸው ብዙ እግሮች አሉት። ከኤር ፍሎው ሜትሩ (የሚገባውን አየር ከሚለካው) የሚወጡትን 36 እና 39 ደግሞ ኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ ብፈልግ የሉም። ከየት ልጀምር?

ቦቢና15
ወንድሜ፣ 36 እና 39ን ኮምፒውተሩ ላይ ማጣትህ ትክክል ነው። ሶኬቱ 35 እግር ብቻ ነው ያለው። የኢንጀክሽኑ ሽቦዎች የሚጠሩት በሚገቡበት የኮምፒውተር እግር ነው፦ 1 ከቦቢናው (የካንዴላውን ብልጭታ ከሚሰጠው ኮይል) ማይነስ ይመጣል፣ 4 ከሞተሪኖው 50 (ሞተሪኖ ሲዞር ብቻ ኃይል ከሚያገኘው እግር)፣ 13 ቴስታታው (የሲሊንደሩ ራስ) ላይ ካለው የሙቀት ሴንሰር፤ 14፣ 15፣ 32 እና 33 ቤንዚን ወደሚረጩት ኢንጀክተሮች ይሄዳሉ። ከ35 በላይ ቁጥር ካየህ ያ ሽቦ ኮምፒውተሩን አይነካም ማለት ነው። 36 እና 39 ኤር ፍሎው ሜትሩ ውስጥ ያለችው የፓምፕ ስዊች ሁለት ጫፎች ናቸው፣ የሚሄዱት ወደ ሪሌው ነው።

አሁን ሳጥኑ። የገጹን ታች ተመልከት፣ ከግራ ወደ ቀኝ ቁጥር ተደርድሯል። ሳጥኑ ውስጥ 14 ካለ (ይህ የገጹ ቁጥር እንጂ የኮምፒውተር እግር አይደለም)፣ ታች 14 ላይ ሂድ፣ የሽቦው ቀሪ እዚያ አለ። እዚያም ጫፍ ላይ ሳጥን ታገኛለህ፣ የመጣህበት ቁጥር ተጽፎበታል። ካልተጻፈ ሽቦ ተሳስተሃል። ላይኞቹ መስመሮች ፕላስ ናቸው (30 ሁልጊዜ ከባትሪ፣ 15 ቁልፍ ሲከፈት)፣ የታችኛው 31 ማሳ ነው፣ ማለትም ወደ ባትሪው ማይነስ የሚመለሰው። ሽቦው ላይ ያለው 1.0 ወይም 2.5 ውፍረቱ ነው፣ በካሬ ሚሊሜትር። ስዊቾቹ ሁሉ የተሳሉት ኃይል በሌለበት፣ ባረፉበት ሁኔታ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሪሌው በአንድ ሳጥን ውስጥ ሁለት ሪሌ ነው። 85 እና 86 ያለበት ሁሉ የመጠምጠሚያው ወገን ነው፣ ማለትም ትዕዛዝ። 88 ያለበት ኃይል የሚያልፍበት ነው። 88d ወደ ፓምፑ ይወጣል።

ችግርህ ዲያግራሙ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሞተሪኖ ሲዞር ፓምፑ ትዕዛዝ የሚያገኘው ከ50 ነው። ቁልፉን ስትለቅ 50 ይሞታል፣ ከዚያ በኋላ ፓምፑን የሚይዘው 36 እና 39ን የምታገናኘው ስዊች ብቻ ናት። አየር ሲገባ ሜትሩ ውስጥ ያለው ክዳን ይገፋል፣ ስዊቿ ሁለቱን ታገናኛለች። ሞተር ከጠፋ ፓምፑም እንዲጠፋ ተብሎ የተሠራ ነው፣ በግጭት ጊዜ ቤንዚን እንዳይረጭ።

ቴስተር_በእጅ
ቦቢና15 ያለው ላይ ፍተሻውን ልጨምር። የኤር ፊልትሩን አውጣ፣ ቁልፉን ክፈት፣ ሞተሩን አታስነሳ። ክዳኑን በጣትህ ቀስ ብለህ ግፋ። ፊት፣ ታንከሩ ሥር ያለው ፓምፕ ድምፅ ማሰማት አለበት።

ድምፅ ከሌለ የኤር ፍሎው ሜትሩን ሶኬት ንቀል፣ በሶኬቱ በኩል 36 እና 39ን ቫልቮላ (ፊውዝ) ባለው አጭር ሽቦ አገናኝ። ፓምፑ ከሠራ ጥፋቱ ሜትሩ ውስጥ ያለችው ስዊች ናት፤ ብዙውን ጊዜ ጫፏ ቆሽሾ ወይም ጠቁሮ ነው። አሁንም ካልሠራ ቮልት ለካ፦ ከሁለቱ በአንዱ ላይ 12 ቮልት ሊኖር ይገባል። ከሌለ ወደ ሪሌው የሚገባውን ኃይል ተከተል። ካለ ደግሞ ወይ ወደ ሪሌው የሚመለሰው ሽቦ፣ ወይ የሪሌው መጠምጠሚያ፣ ወይ 85 ማሳው ነው።

ቁልፉን ከፍተህ ብዙ አትቆይ። ፑንቲናው (የቦቢናውን ኃይል የሚያቋርጠው መገናኛ) ተገናኝቶ ከቆመ ቦቢናው ይግላል። ለኢንጀክተር ደግሞ በጭራሽ ቀጥታ 12 ቮልት አትስጥ፤ 2.5 ኦም አካባቢ ነው ያለው፣ ዲያግራሙ ላይ ከፊቱ የተሳሉት ሬዚስተሮች ያለ ምክንያት አልተቀመጡም።

ደማቅ_አምፖል
36 እና 39 ላይ ቮልት ብቻ መለካት አይበቃም። ከሽቦው አንዲት ክር ብቻ ቀርታ እንኳ መልቲሜትር 12 ያሳያል። ፓምፑ እየሠራ አንዱን ጫፍ 88d ላይ፣ ሌላውን የፓምፑ ፕላስ ላይ አድርገህ ለካ። ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ሽቦው ወይም ማገናኛው ኃይሉን እየበላ ነው። በማሳውም በኩል፣ ከፓምፑ ማይነስ እስከ ባትሪው ማይነስ፣ እንዲሁ። በዚህ መኪና ከሪሌው እስከ ፓምፑ ያለው መንገድ ረጅም ነው።

የመፈተሻ አምፖል ለፓምፕና ለሪሌ ጥሩ ነው፣ ኮምፒውተሩ እግር ላይ ግን አታስነካው። ሶኬቱንም ቁልፍ ዘግተህ ብቻ ንቀል።

ማሳ_ፈላጊ
እግዜር ይስጥልኝ። ክዳኑን ስገፋ ፓምፑ ይጮኻል። በሽቦው በኩል የሚወድቀው 0.2 ቮልት ነው። ታዲያ ሲነሳ ለምን አይይዝም?

ቦቢና15
እንግዲያ ኤሌክትሪኩ ደህና ነው፣ ክዳኑ በራሱ በበቂ አይገፋም። ሞተሩ አየር ከሌላ ቦታ እየሳበ ነው፣ በሜትሩ በኩል የሚያልፈው አንሷል። መጀመሪያ ከሜትሩ እስከ ትሮትሉ (በነዳጅ መርገጫው የሚከፈተው የአየር በር) ያለውን የጎማ ቱቦ አውልቀህ አጣጥፈው፤ ስንጥቁ እጥፋቱ ውስጥ ይደበቃል፣ ተገጥሞ እያለ አይታይም። ቀጥሎ የዘይት መሙያው ክዳን ላስቲክ፣ የዘይት መለኪያው ዘንግ፣ የኢንጀክተሮቹ ላስቲኮች፣ ትናንሾቹ የቫኩም ቱቦዎች። የዘይት ክዳን ምን አገባው እንዳትል፣ የሞተሩ መተንፈሻ ወደ ኢንቴክ (አየር መግቢያው) ስለሚመለስ እዚያ የገባ አየር አልተለካም።

ለማረጋገጥ 36 እና 39ን ለጊዜው ድልድይ አድርገህ ማስነሳት ትችላለህ። የዘይት ክዳኑን ክፈት፦ ሞተሩ ካልተንገዳገደ ቀድሞውኑ ሌላ ትልቅ ክፍተት አለ። ድልድዩን ይዘህ ግን መንገድ አትውጣ፣ ሞተሩ ቢጠፋም ፓምፑ አይቆምም።

ቴስተር_በእጅ
እጅህ እዚያ ከገባ ላይቀር የቤንዚን ቱቦዎቹንም እያቸው። የካርቡራተር ቱቦ ለዚህ አይሆንም፤ የሬጉላተሩ (የቤንዚኑን ግፊት የሚቆጣጠረው) ቫኩም ቱቦ ሲነቀል ግፊቱ 35 ፒኤስአይ ይደርሳል፣ ሞተሩ ደግሞ ከጎኑ ይግላል። ለኢንጀክሽን የተሠራ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ግዛ፣ ክላምፑም ጎማውን የማይቆርጠው ዓይነት ይሁን።