የጎብኚዎች ማዕከል በስሜን ተራሮች፦ ከመልክዓ ምድሩ ጋር መስማማት የሚለካው በምንድን ነው?

ጥያቄ (የፒያሳ ነዳፊ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ። የምሠራው ፒያሳ በሚገኝ አነስተኛ የአርክቴክቸር ቢሮ ውስጥ ሲሆን፣ አሁን በእጃችን ያለው ሥራ በስሜን ተራሮች ለታሰበ የጎብኚዎች ማዕከል የመነሻ ንድፍ ማቅረብ ነው። አሠሪያችን ሕንፃው ገደሉ አፋፍ ላይ እንዲቆም፣ ወደ ቆላው የሚያየው ፊቱ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት እንዲሆን፣ ጣሪያው ደግሞ ከሩቅ ሲታይ የዋልያ ቀንድ እንዲመስል ይፈልጋል። 1500 ሜትር ያህል ቁልቁል በሚወርድ ገደል ፊት የሚቆም ሕንፃ ልታይ ልታይ ባለ ቁጥር የሚያንስ ይመስለኛል፤ ነገር ግን ይህን «አልወደድሁትም» ከማለት አልፌ በምክንያት ማስረዳት አልቻልሁም። ከባልደረቦቼ አንዱ የጎጆ ቅርጽ ይሻላል ይላል፤ ሌላው ደግሞ መዋቅሩ አርማታ ሆኖ ፊቱ ጥቁር ድንጋይ ቢለበስ ይበቃል ባይ ነው። እናንተ ብትሆኑ ከየት ትጀምራላችሁ?

መልስ (ተዳፋት)

እኔ ብሆን ከቅርጹ ሳይሆን ከቦታው እጀምራለሁ። በዓለቱ ዓይነት ለስሜን የሚቀርበውን የሰሜን አየርላንዱን የጃይንትስ ኮዝዌይ ማዕከል ይመልከቱ፤ እሱም የባዛልት (ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ምድር ነው፣ የዓለም ቅርስም ነው። የቀድሞው ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2000 በእሳት ከወደመ በኋላ፣ ሄኔጋን ፔንግ የተባለው ቢሮ የነደፈው አዲሱ ሕንፃ በ2012 ተከፈተ። ነዳፊዎቹ መሬቱን እንደ ወረቀት በሁለት ቦታ አጠፉት፤ በአንደኛው በኩል መሬቱ ከፍ ሲል ሕንፃው ከሥሩ ገባ፣ በሌላው በኩል ዝቅ ሲል መኪና ማቆሚያው ከዓይን ተሰወረ። ጣሪያው ሣር፣ ፊቱ የባዛልት ምሰሶ ነው። ይህን ሁሉ ግን ፎቶግራፉም ያሳያል። ፎቶግራፉ የማያሳየው ሕንፃው ከታዋቂዎቹ ድንጋዮች አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ መቀመጡን ነው። ምርጡን እይታ ሕንፃው አልወሰደውም፤ በእግሩ ለሚወርደው ሰው ተወለት።

አሠሪዎን ስለ ውበት ከመሞገት ይልቅ ስለ ፀሐይ ይንገሩት። የስሜን ታላቁ ገደል የሚያየው ወደ ሰሜን ነው፤ ተራሮቹም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 13 ዲግሪ ገደማ ላይ ይገኛሉ። በመሆኑም ብርዱ በሚጠናባቸው በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የምትሄደው በደቡብ በኩል ስለሆነ፣ ወደ ገደሉ የዞረ ሰፊ መስታወት ሙቀት በሚፈለግበት ወቅት ቀጥተኛ ጨረር ሳያገኝ ይውላል፤ ሌሊት ደግሞ ከ3000 ሜትር በላይ ባለው ውርጭ የቤቱን ሙቀት አሳልፎ ይሰጣል። ፀሐይ ወደ ሰሜን የምታጋድልባቸው ወራት አብዛኞቹ ከክረምቱ ጋር ስለሚገጥሙ ጉሙ ይጋርዳታል። ስለዚህ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ የሚመልስ ወፍራም ግድግዳ በደቡብ በኩል ያቁሙና በሰሜን በኩል በልክ የተከፈቱ ጥቂት መስኮቶችን ይተዉ። እዚያው አካባቢ ያለው የሊማሊሞ ሎጅ በተጠቀጠቀ አፈር ግድግዳ መሠራቱን ለአሠሪዎ ማሳየት ይቻላል።

ስለ ጎጆው፣ ጎጆ ለአንድ ቤተሰብ የተመጠነ ቤት ነው፤ ስፋቱ ሃያ ሜትር ሲደርስ የሠርግ ድንኳን ይመስላል። ስለ ድንጋይ ልባሱ ደግሞ ከቢሮዎ ወጥተው እስከ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ይሂዱና የመስኮቶቹን ጥልቀት ይመልከቱ። ጭነት የሚሸከም ድንጋይ ውፍረቱን በመስኮቱ ጥልቀትና በማዕዘኑ ይናገራል፤ በሲሚንቶ የተለጠፈ ስስ ድንጋይ ግን ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ ይጋለጣል።

መልስ (የደባርቅ ልጅ)

ዛሬ የምኖረው አራት ኪሎ ቢሆንም ያደግሁት ደባርቅ ነው። ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ ነገር ግን ገደሉ አፋፍ ባዶ ቦታ አለመሆኑን መጨመር እፈልጋለሁ። ጭላዳዎች ሌሊቱን ገደሉ ላይ አድረው ጠዋት ሣር ለመጋጥ ወደ ሜዳው ይወጣሉ፣ ሲመሽም በዚያው ይመለሳሉ፤ አፋፉ ላይ የተዘረጋ ሕንፃ በመኝታቸውና በግጦሻቸው መካከል ገባ ማለት ነው። ሰማይ የሚያንጸባርቅ መስታወትም ለአዕዋፍ ወጥመድ ነው።

አሠሪዎ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ ቢያውቅ መልካም ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ጋር በመጀመሪያው የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከ1996 እስከ 2017 ድረስ ግን በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ቆይቷል። ከዝርዝሩ ለመውጣቱ ከረዱት ነገሮች አንዱ፣ ፓርኩን አቋርጦ የሚያልፈው ትራፊክ እንዲቀንስ አማራጭ መንገድ መሠራቱ ነበር። መኪናን ከፓርኩ ለማራቅ ይህን ያህል ከተደከመ በኋላ ባለ መስታወት ሕንፃና የአውቶቡስ ማቆሚያ ወደ ውስጥ ማስገባት ለማንም የሚዋጥ አይመስለኝም። የዓለም ቅርስ ኮንቬንሽን የአፈጻጸም መመሪያ በአንቀጽ 172 ላይ አገሮች በቅርሱ ክልል ትልቅ ግንባታ ሲያስቡ፣ የማይመለስ ውሳኔ ላይ ከመድረሳቸው በፊት እንዲያሳውቁ ይጠይቃል። ጎብኚው የመግቢያ ክፍያ የሚከፍለውና አስጎብኚና ስካውት (አጃቢ የፓርክ ጠባቂ) የሚይዘው ደባርቅ ላይ ስለሆነ፣ ዋናው ማዕከል እዚያው ከተማው ውስጥ ቢሆን እመርጣለሁ።

መልስ (ባለ ውኃ ልክ)

የአየርላንዱ ምሳሌ እዚህ ሲመጣ ትንሽ ያስፈራኛል። ሕንፃን መቅበር ማለት ዓለት መቆፈር ማለት ነው፤ በፓርኩ ውስጥ ድማሚት የሚያስፈነዳ ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም። የክረምቱ ጎርፍ በድጋፍ ግንቡ ጀርባ ሲጠራቀም ቦዩን በየዓመቱ የሚጠርግ ሠራተኛና በጀትም ያስፈልጋል። የሣር ጣሪያውንማ ጭላዳዎቹ በደስታ ይግጡታል!

ለእኛ የሚቀርበው በደቡብ አፍሪካ ፒተር ሪች የነደፈው የማፑንጉብዌ ማዕከል ይመስለኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም ምርጥ ሕንፃ ተብሎ ተሸልሟል። ስስ የሆኑት የጣሪያ ቅስቶቹ የተገነቡት የአካባቢው ሰዎች እዚያው ከአፈርና ከጥቂት ሲሚንቶ ጨፍልቀው ባመረቷቸው ንጣፎች ነው። ቅስቶቹ እንዳሉ ይቀዱ አልልም፤ የስሜን አፈር ለዚህ መስማማቱ በምርመራ መታየት አለበት። ነገር ግን ሥራው በአካባቢው እጅ ከተሠራ ጥገናውም እዚያው ይገኛል። ባለ አንድ ፎቅ፣ ጠባብና ረጅም፣ ኮንቱሩን (የመሬቱን እኩል ከፍታ መስመር) ተከትሎ በእርከን የሚሄድ ቤት ያለ ብዙ ቁፋሮ ይቆማል።

የጠያቂው ምላሽ (የፒያሳ ነዳፊ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የፀሐይዋን ጉዞ በሴክሽን ንድፍ (ሕንፃውን ከላይ እስከ ታች ቆርጦ በሚያሳይ ሥዕል) ላይ አስቀምጬ ለአሠሪው ላቀርብ አስቤያለሁ፤ ደባርቅንም እንደ ዋና አማራጭ አስገባዋለሁ። ሆኖም አሠሪው «አፋፉ ላይ ምንም አይሠራም» ቢባል ፈጽሞ አይቀበልም። ቢያንስ ጎብኚው የሚቆምበት ነገር ምን ሊሆን ይችላል?

መልስ (ተዳፋት)

መንገድና ካብ ይበቃል። ካቡን ከጫፉ ጥቂት ሜትሮች ወደ ኋላ አድርገው፣ ጭላዳዎቹ የሚያልፉበት ክፍተት እየተዉ፣ ያለ ሲሚንቶ በአካባቢው ድንጋይ ያስክቡት። ከፍታው ሰው የሚቀመጥበት ያህል ይሁን። መቀመጫ ብቻውን ከመውደቅ እንደማያድን ግን ያስታውሱ፤ ወደ ጫፉ መቅረብ የግድ በሚሆንበት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቀጭን የብረት መከታ ያድርጉ። መጸዳጃ ቤቱን ደግሞ ከዚያ በጣም ያርቁት፤ አፈሩ ስስ፣ ሥሩም ዓለት ስለሆነ ፍሳሹ የት እንደሚደርስ ሳይጠና የሴፕቲክ ታንክ ቦታ መምረጥ አይገባም።