ሚቼል ዱክ ጥሩ አጥቂ ነው ወይስ ኤጀንቱ ጎበዝ ነው?

እንቅልፍ አጣሁ፦
ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ማታ የ2022 ዓለም ዋንጫ ጎሎችን ስመለከት አውስትራሊያ ቱኒዚያን 1 ለ 0 ያሸነፈችበት ላይ ደረስኩ። አግቢው ሚቼል ዱክ ነው። ያኔ የሚጫወትበትን ክለብ ሳይ ሳቄ መጣ፦ ፋጂያኖ ኦካያማ፣ የጃፓን ሁለተኛ ሊግ! ከዚያ በፊት ሴንትራል ኮስት፣ ሺሚዙ፣ ዌስተርን ሲድኒ፣ ሳዑዲ ታዓውን፣ እንደገና ዌስተርን ሲድኒ በውሰት... ሰውዬው ልብሱን ከሻንጣ አውጥቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ጎሉም ያን ያህል አይደለም። ማነው እንዲህ የሚያስፈርመው?

ዘጠኝ ቁጥር፦
ወንድሜ፣ ጎል ብቻ ከቆጠርክለት አይገባህም። ያቺን ጎል እስቲ መልሰህ እያት። መሃል ሜዳ ላይ ኳሷን የሚያቀብለው ራሱ ነው፣ ከዚያ ዞሮ ወደ ሳጥኑ ይሮጣል፣ የቡድን ጓደኛው ጉድዊን ከግራ ያሻማት ኳስ ተከላካይ ነክታ አቅጣጫ ስትቀይር እሱ ጀርባውን ለጎሉ እንደሰጠ በቴስታ ጥግ ላይ አስቀመጣት። 23ኛው ደቂቃ ላይ። ከዚያ ስታዲየም ለነበረው ልጁ የስሙን መነሻ "ጄ" (J) በጣቶቹ ሠራለት። አውስትራሊያ ዓለም ዋንጫ ላይ ካሸነፈች እኮ 12 ዓመት ሆኗት ነበር!

የሜዳ ዳር፦
ኤጀንት ሳይሆን ኮታ በሉት። አውስትራሊያ በ2006 ወደ እስያ ኮንፌዴሬሽን ገባች፣ ስለዚህ ተጫዋቾቿ እንደ እስያዊ ይቆጠሩ ነበር። ዱክ በ2015 ጃፓን ሲሄድ አንድ ክለብ ከሦስት የውጭ ተጫዋቾች ሌላ አንድ እስያዊ ማሰለፍ ይችል ነበር። ለሦስቱ ቦታ ከብራዚላውያን ጋር ትጋፋ ነበር፣ ለአራተኛው ግን ቴስታ የሚችልና ተከላካይ ሲያሯሯጥ የሚውል አውስትራሊያዊ ተፈላጊ ነበር።

እንቅልፍ አጣሁ፦
እሺ፣ ይሄ ገባኝ። ታዲያ ከዓለም ዋንጫው በኋላስ ትልቅ ክለብ አልወሰደውም?

ዘጠኝ ቁጥር፦
ማቺዳ ዜልቪያ ወሰደው፣ ያውም እዚያው ሁለተኛ ሊግ 😄 ግን በ2023 ሻምፒዮን ሆነው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አንደኛው ወጡ፣ በዓመቱ 3ኛ ሆነው ጨረሱ።

የሜዳ ዳር፦
በ2025 ደግሞ ወደ አውስትራሊያው ክለብ ማካርተር ሄደ። ከተወለደበት ሊቨርፑል ብዙም አይርቅም፣ የሲድኒውን ማለቴ ነው፣ የሳላህን አይደለም።

እንቅልፍ አጣሁ፦
ሻንጣውን ፈታ በለኛ።