ቱሉ ካፒ፦ የመጀመሪያው ወርቅ ሲወጣ ለባለአክሲዮን ምን ይደርሰዋል?

ጭላንጭል፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ምዕራብ ወለጋ ስላለው የቱሉ ካፒ ወርቅ ነው። ማዕድኑን የሚያለማው ኬፊ፣ ኤይም በሚባለው የለንደን የትናንሽ ኩባንያዎች አክሲዮን ገበያ የተመዘገበ ትንሽ ኩባንያ ነው። የማዕድን ፈቃዱ እ.ኤ.አ. በ2015 ተሰጠ፤ ከ10 ዓመት በኋላም ከወርቅ ሽያጭ ያገኘው ገቢ አልነበረም። ክምችቱ ወርቅ ያለበት 15.4 ሚሊዮን ቶን አለት፣ በቶን 2.1 ግራም ወርቅ፣ በድምሩ 1 ሚሊዮን ኦውንስ ገደማ ነው። ብዙ ሰው ይህን በወርቅ ዋጋ አባዝቶ ለአክሲዮኑ ብዛት ያካፍለዋል። ስሌቱ የት ላይ ነው የሚሳሳተው?

መዶሻ፦
ከመለኪያው እንጀምር። እዚህ ኦውንስ ሲባል 31.1 ግራም ነው። ገበያ ላይ ወቄት የምንለው 28 ግራም ገደማ ስለሆነ አታምታቱት።

ፋብሪካው በዓመት 2 ሚሊዮን ቶን ይፈጫል እንበል። በ2.1 ግራም ሲባዛ 4.2 ሚሊዮን ግራም ነው። 93 በመቶው ቢወጣ 3.9 ሚሊዮን ግራም፣ ማለትም 125 ሺህ ኦውንስ ገደማ ይሆናል። ይሄ ግን የሙሉ አቅም ቁጥር ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት አትጠብቁት።

አሳሳቹ ነገር ሌላ ነው። ከላይ ያለው በፀሐይና በዝናብ የላላ አለት ለወፍጮ ቀላል ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ወራት ሪፖርት ያምራል። ከሥር ያለው ጠንካራ አለት ሲመጣ በሰዓት የሚፈጨው ቶን ይወርዳል። አለቱን የሚሰብረው ፍንዳታ በደንብ ካልተለካ ደግሞ ከታቀደው በላይ ባዶ አለት ይቀላቀላል። 2.1 የተባለው ወደ 1.8 ቢወርድ ወርቁ በ14 በመቶ ያንሳል፤ ናፍጣው፣ ወርቁን ከአለቱ የሚያሟሟው ኬሚካል ሳያናይዱና ደመወዙ ግን አይቀንሱም።

ደግሞ የመጀመሪያው ወርቅ ሁሉ ለሽያጭ አይደርስም። ከፊሉ ታንክ ውስጥ የሟሟውን ወርቅ በሚይዘው ካርቦን ላይ ይቀራል፣ ከፊሉ ወፍጮው ውስጥ ሽፋኑ ሥር ይሸጎጣል። በየዜናው የምታዩት የመጀመሪያ የወርቅ ጡብ ፎቶ እንግዲህ ገቢ ማለት አይደለም። ጡቡ ራሱ ንጹሕ ወርቅ ስላልሆነ ማጣሪያ ቤት ሄዶ ንጽሕናው ከተለካ በኋላ ነው ሒሳቡ የሚዘጋው።

ደብተር፦
መዶሻ ያለውን ልቀጥል። የተሸጠው ወርቅ 100 ብር ቢሆን፣ 7ቱ ብር ገና ትርፍ ሳይታወቅ ሮያሊቲ (ከሽያጩ ላይ ለመንግሥት የሚከፈል) ሆኖ ይወጣል። ከዚያ የማምረቻ ወጪ፣ ቀጥሎ የባንክ ወለድና ዋና ብድር አለ። አበዳሪዎች ብዙ ጊዜ የወራት ክፍያ የሚሸፍን መጠባበቂያ ሒሳብ እንዲሞላ ያስገድዳሉ፤ እሱ ሳይሞላ ወደ ባለድርሻዎቹ የሚተላለፍ ሳንቲም የለም። ከትርፉ 25 በመቶ ግብር አለ። መንግሥት ደግሞ ያለ ክፍያ 5 በመቶ ድርሻ ይይዛል።

ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፦ ማዕድኑን የያዘው ኢትዮጵያ ውስጥ የተቋቋመ ሌላ ኩባንያ ነው። ለንደን የሚሸጠው የእናት ኩባንያው አክሲዮን ነው፤ የሚያገኘውም ካለው ድርሻ ልክ እንጂ መቶ በመቶ አይደለም።

ጭላንጭል፦
በሙከራ ጊዜ የሚሸጠው ወርቅስ ገቢ ተብሎ ይመዘገባል?

ደብተር፦
አዎ። ድሮ ከግንባታ ወጪው ላይ ይቀነስ ነበር። ከጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግን ዓለም አቀፉ የሒሳብ ደረጃ አይ.ኤ.ኤስ. 16 ሽያጩንም ወጪውንም በትርፍና ኪሳራ መግለጫ ላይ አሳዩ ይላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ገቢ ከኪሳራ ጋር ቢመጣ አትደንግጡ።

ሚዛን፦
እኔ የምፈራው ክፍተቱን ነው፣ በመጀመሪያው ወርቅና በሙሉ አቅም መካከል ያለውን። ነዳጅና ኬሚካል ቀድሞ ይከፈላል፣ የወርቁ ገንዘብ ዘግይቶ ይገባል። ሥራው 6 ወር ቢጓተት ካዝናው ይደርቅና ኩባንያው አዲስ አክሲዮን በርካሽ ይሸጣል። ከ1 ቢሊዮን ውስጥ 1 ሚሊዮን አክሲዮን ያለው ሰው ድርሻው 0.1 በመቶ ነው። 500 ሚሊዮን ቢጨመር 0.067 ይሆናል፣ ወርቁ ግን አልጨመረም። በዓመታት ጥበቃ ውስጥ የአክሲዮኑ ቁጥር ስንት ጊዜ እንዳደገ ሳታዩ የዋጋ ትንበያ አትሥሩ።

የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲወጣ መጀመሪያ የቀረውን ጥሬ ገንዘብና ገና ያልተወሰደውን ብድር እዩ። ቀጥሎ ወፍጮ የገባውን ቶን ከነግራሙ። «የተመረተ ኦውንስ» ከ«ተሸጠ ኦውንስ» በየሩብ ዓመቱ እየበለጠ ከሄደ፣ ወርቁ የት እንደቆመ በቀጥታ ጠይቁ።