ሚዛን ላይ መኪና አቁመናል፤ መሣሪያው አንዴ ዩራኒየም አንዴ ራዲየም ይላል፣ ቶሎ መልስ!

ሚዛን ቤት፦
ሰላም ወገኖች፣ አሁኑኑ ነው። ደብረ ብርሃን፣ ብረት ማቅለጫ በር ላይ ነን። ከሸዋሮቢት የመጣ ውድቅዳቂ ብረት የጫነ ሲኖ ሲገባ የበሩ ጨረር ጠቋሚ ጮኸ። ወደኋላ አስወጥተን ደግመን አስገባነው፣ ደግሞ ጮኸ። የጨረሩን ዓይነት በስም የሚጠራውን የእጅ መለያ አውጥተን ስናስጠጋው መጀመሪያ «ዩራኒየም-235» አለ፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ «ራዲየም-226»፤ ሦስተኛ ጊዜ መልሶ ዩራኒየም። ሹፌሩ ልሂድ ይላል፣ አለቃ አራግፉና ፈልጉት ይላል። ዩራኒየም ከሆነ ኮንትሮባንድ ነው ማለት ነው? እናራግፍ አናራግፍ? ወይስ መሣሪያው ነው የተበላሸው? እባካችሁ ቶሎ።

ቆራሌው፦
ዩራኒየም ካልሆነ ቀይ ሜርኩሪ ነው በቃ። የድሮ የልብስ ስፌት መኪና ካለበት እኔ ልግዛው፣ ሚሊዮን ያወጣል ሲሉ ሰምቻለሁ ሃሃሃ

የጠባሴ ልጅ፦
አታራግፉ። ለአለቃህ ይኼን ብቻ ንገረው፦ ታሽጎ የመጣ ነገር ሲራገፍ እሽጉም አብሮ ይራገፋል። ማግኔቱ ወይም ክሬኑ የእርሳስ መያዣውን ቢሰብረው የአንድ መኪና ጣጣ የግቢው ሁሉ ጣጣ ይሆናል።

ያልነገርከን ብዙ ነው። በሩ ሁለት ዓይነት ጨረር ይጠቁማል፤ የጮኸው ጋማው ነው ኒውትሮኑ? መኪናው ከመግባቱ በፊት ባክግራውንዱ (ቦታው ላይ ሁሌም ያለው ጨረር) ስንት ነበር? ሹፌሩን አውርደህ ለብቻው ለክተኸዋል? ሰሞኑን ለታይሮይድ አዮዲን-131 የወሰደ ሰው በር ያስጮኻል። መለያው በሚያወጣው ሥዕል ላይ የሱ ጉብታ 364 ኬኢቪ (የጨረር ጉልበት መለኪያ) ላይ ስለሆነ ካንተ ጋር አይገጥምም፣ ግን ለካውና ከዝርዝሩ አውጣው። የበሩ ኮምፒውተር ያወጣው መስመር ደግሞ አንድ ቦታ ላይ የሾለ ነው ወይስ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ የተነጠፈ? የሾለ ከሆነ አንድ ዕቃ ነው። የተነጠፈ ከሆነ አፈር፣ የእቶን ጡብ ወይም ውስጡ ደለል የጋገረ ቱቦ ሊሆን ይችላል።

እስከዚያው መኪናውን ሰው ወደማይመላለስበት ጥግ ውሰደው፣ ዙሪያውን 30 ሜትር በገመድ አጥር፣ ለጨረር ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ደውል። ስትቀርብ መለኪያው በሰዓት 100 ማይክሮ ሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) ካሳየህ እዚያው ቁም፣ ተመለስ።

መንዝ ባና፦
ብርድ ነው። ሌሊቱን ውርጭ ነበር። አጥፍተህ አብራው፣ ካስፈለገም ከሰል ምድጃ አጠገብ ጥቂት አስቀምጠው፣ ይስተካከላል።

ክሪስታል፦
ከሰል አጠገብ እንዳታስቀምጠው! ውስጡ ያለው ሶዲየም አዮዳይድ ክሪስታል ነው። በሰዓት ከ10 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ወይም ከቀዘቀዘ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ የተሰነጠቀ ክሪስታል ጉብታውን ያሰፋዋል፣ ከዚያ ወዲያ ምንም አትለይበትም። ብርዱ መሆኑን ግን መንዝ ባና አልተሳሳተም። ሙቀት ሲለዋወጥ ከክሪስታሉ የሚወጣው ብርሃንም ብርሃኑን የሚያጎላው ቱቦም ይለዋወጣሉ፣ ስፔክትረሙ (ጉብታዎቹ የሚታዩበት ሥዕል) በሙሉ እንደ ላስቲክ ይሳባል ወይም ይሰበሰባል። ሰው ያለበት ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ይቀመጥ።

መንሸራተቱን የምታውቀው በፖታሽ ነው። አንድ ኪሎ የፖታሽ ማዳበሪያ አምጣ (ኤንፒኤስ አይደለም፣ እሱ ውስጥ ፖታሲየም የለም)። የመለያውን አፍንጫ ማዳበሪያው ላይ አስደግፈህ ከመኪናው ርቀህ 300 ሰከንድ ቁጠር። የፖታሲየም-40 ጉብታ 1461 ላይ መቆም አለበት። ሌላ ቦታ ከቆመ መሣሪያው በስሙ የሚጠራልህን ሁሉ አትመን።

መምህር፦
ጥያቄው ከመነሻው ተሳስቷል። መሣሪያው «ዩራኒየም» ስላለ ዩራኒየም ተያዘ ማለት አይደለም። የዩራኒየም-235 ዋና ጋማ 185.7 ነው፣ የራዲየም-226ም 186.2። ልዩነታቸው ግማሽ ኬኢቪ ነው፤ የእጅ መሣሪያህ ግን እዚያ አካባቢ የሚሠራው ጉብታ 20 ኬኢቪ ገደማ ይሰፋል። ጥሩ የጀርማኒየም ዲቴክተር እንኳ ሁለቱን በዚህች መስመር ብቻ በቀላሉ አይነጥላቸውም። ስለዚህ 186ን ተዉትና ዘመዶቹን ፈልጉ። ራዲየም ብቻውን አይሄድም። ታሽጎ የኖረ ከሆነ ልጆቹን (ሲፈርስ የሚወለዱትን) ሁሉ ይዞ ይመጣል፦ እርሳስ-214 በ295 እና 352፣ ቢዝመዝ-214 በ609፣ 1120 እና 1764። ዩራኒየም-235 ደግሞ ከ186 በታች 144 እና 163፣ ከበላዩ 205 አለው፣ ከዚያ ወደላይ ግን የሚረባ ነገር የለውም።

አሁን አስተውሉ። 1 ሴንቲ ሜትር እርሳስ የ186ን ጨረር ጨርሶ ያስቀረዋል፣ የ1764ን ግን ከግማሽ በላይ ያሳልፋል። ራዲየም ቢሆንና ቢሸፈን ቀድሞ የሚጠፋው 186 ነው፣ ላይኞቹ ይቀራሉ። እንግዲህ 186 ቁልጭ ብሎ እየታየ 609 ከሌለ፣ ያኔ ስለ ዩራኒየም እናወራለን።

አፍራሽ፦
ይኼ ሁሉ ለምን? ጡብ ወይም የድሮ ወታደራዊ መኪና ሰዓት ነው፣ ራዲየም የተቀባ። መኪናውን ወደመጣበት መልሱት፣ ሻጩ ይጨነቅበት።

የጠባሴ ልጅ፦
መመለስ ከሁሉ የከፋው ነው። ጣርማ በር ላይ አንዱ አቁሞ ግማሹን ቢያራግፈው ማን ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ1983 መጨረሻ ሜክሲኮ ሁዋሬዝ ውስጥ የካንሰር ማከሚያ ማሽን ኮባልት-60 ውድቅዳቂ ብረት መሸጫ ገብቶ ቀለጠ፣ የግንባታ ብረት ሆኖ ወጣ። የታወቀው በጥር 1984 ነው፣ ያን ብረት የጫነ መኪና አሜሪካ ሎስ አላሞስ የሚገኝ የጨረር ጠቋሚ ስላስጮኸ። በአጋጣሚ ባይሆን ኖሮ አይታወቅም ነበር። በር ላይ የጮኸ መኪና በር ላይ ይቆያል።

አፍራሽ፦
እሺ ጡብ አይደለም እንበል። ግን ኮንትሮባንድም አይደለም። ሰው ዩራኒየም ቢያሻግር በውድቅዳቂ ብረት ውስጥ?

ክሪስታል፦
ባያሻግርም ሳያውቅ ሊጭነው ይችላል። የብየዳ ፎቶ የሚያነሳው የራዲዮግራፊ ካሜራ መከላከያው ብዙ ጊዜ የተራቆተ (235ቱ የተቀነሰለት) ዩራኒየም ነው፤ ከባድና ጠንካራ ስለሆነ ለብረት ሰብሳቢ ዓይን ይገባል። ምልክቱ 1001 ላይ የሚታይ ጉብታ ነው፣ የዩራኒየም-238 ልጅ። 1001 ካያችሁ ደስ አይበላችሁ። ውስጡ ኢሪዲየም-192 ያለው ካሜራ ሊሆን ይችላልና 316 እና 468ንም ፈልጉ፣ ማንም በመፍቻ አይንካው።

ሚዛን ቤት፦
ይቅርታ ዘገየሁ። ጋማው ብቻ ነው የጮኸው፣ ኒውትሮኑ ጸጥ ብሏል። ሹፌሩ ንጹሕ ነው፣ ረዳቱም። የበሩ መስመር መሐል ላይ የሾለ ነው። ባክግራውንድ 0.2 ማይክሮ ሲቨርት በሰዓት። የጭነቱን ሳጥን በግራ 25 ሳንቲ ርቀን ስንለካ ትልቁ 2.0፣ በቀኝ በኩል ፊት ለፊቱ 1.0። ፖታሽ አንድ ገበሬ ዘንድ አግኝተናል፣ ጉብታው 1534 ላይ ነው የቆመው። የመኪናው ስፔክትረም ላይ የሚታዩት 195፣ 370፣ 640፣ 1852 ናቸው። 640 ሲዚየም ነው? ባትሪው 20 በመቶ ነው የቀረው። አለቃ አሁንም አራግፉ ይላል።

ቆራሌው፦
ለፖታሹ ገበሬ ደረሰኝ ስጡት

ክሪስታል፦
640 ሲዚየም አይደለም፣ ሲዚየም-137 ያለው 662 ነው። 1534ን ለ1461 አካፍለው፣ 1.05 ይወጣል። መሣሪያህ 5 በመቶ ወደላይ ተንሸራቷል። ያየኻቸውን ሁሉ ለ1.05 አካፍል፦ 195 ወደ 186፣ 370 ወደ 352፣ 640 ወደ 609 ተኩል፣ 1852 ወደ 1764 ይመጣሉ። መምህር ከቆጠራቸው ዘመዶች ሦስቱ መጡልህ። ስሙን የሚያቀያይረውም ለዚህ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ (መሣሪያው ውስጥ ያለው የጉብታዎችና የስሞች ዝርዝር) 609ን በቦታው ሲያጣ ለ186 የቀረውን ስም ይሰጣል፣ ዩራኒየም፤ ትንሽ ሞቅ ሲለው 609 ወደ ቦታው ይጠጋና ራዲየም ይላል። አልተበላሸም፣ በረደው።

መንዝ ባና፦
ብርድ ነው ብዬ ነበር። አጥፍተህ አብራው።

የጠባሴ ልጅ፦
ቦታውን ደግሞ ላስላልህ። ባክግራውንዱን ቀንስ፦ በግራ 1.8፣ በቀኝ 0.8። ሲካፈሉ 2.25፤ ጨረር በርቀቱ ካሬ ስለሚቀንስ ሥሩን ውሰድ፣ 1.5። የሳጥኑ ስፋት 2.5 ሜትር ከሆነ በሁለቱ ልኬቶችህ መሐል 3 ሜትር አለ። በ1 ለ1.5 ስትከፍለው ከግራ መለኪያህ 1.2 ሜትር፣ ማለት ከግራ ግድግዳ ወደ 95 ሳንቲ ገባ ብሎ ነው ያለው። ይኼ ብረቱ በሁለቱም በኩል እኩል ይጋርዳል ብለን ነው፤ በአንዱ በኩል ወፍራም ሞተር ካለ ይዛነፋል። ግድግዳው ላይ በኖራ ምልክት አድርግ፣ ለሚመጡት ባለሙያዎች ግማሽ ቀን ይቆጥብላቸዋል።

2.0 ትንሽ ነው ብለህ ግን አትዝናና። በመሐል ስንት ሴንቲ ሜትር ብረት እንዳለ አታውቅም፤ ሲገለጥ መቶ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

መምህር፦
አንድ ነገር ዘለላችሁ። 609ና 1764 በተፈጥሮ ባክግራውንድ ውስጥም አሉ። በተለይ ዝናብ ሲጥል የራዶን (ከራዲየም የሚወለደው ጋዝ) ልጆች ከአየር ታጥበው መሬት ላይ ይቀመጣሉ፣ ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ይጠፋሉ። ስለዚህ ከመኪናው 30 ሜትር ርቀህ፣ በዚያው መሣሪያ፣ በዚያው 300 ሰከንድ ባዶ ስፔክትረም ውሰድና የ609ን ቁመት አወዳድር። የመኪናው ብዙ እጥፍ ካልሆነ አልተረጋገጠም። ዴድ ታይሙም (መሣሪያው ጨረር በዝቶበት የማይቆጥርበት ጊዜ) ከ20 በመቶ በላይ ከሆነ ወደኋላ ሂድ፣ ጉብታው እየተደፈጠጠ ነው።

ዩራኒየም ሆኖ ቢገኝ ኖሮ ሥራው ሌላ ነበር፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ያዙት። ምንጩን የሚናገረው ዱቄቱ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 ቡልጋሪያ ሩሴ ድንበር ላይ መኪና ውስጥ የተያዘው 73 በመቶ ገደማ የበለጸገ ዩራኒየም ጥቂት ግራም ነበር። በመስታወት ብልቃጥ፣ ብልቃጡ በቢጫ ሰም፣ ሰሙ በእርሳስ መያዣ ውስጥ። ሰሙም፣ ወረቀቱም፣ እርሳሱም ለየብቻ ተመርምረዋል። ዩራኒየም-236 መገኘቱ ቀድሞ ሬአክተር ውስጥ የነበረ መሆኑን አሳየ። ዩራኒየም-234 ወደ ቶሪየም-230 ሲለወጥ የሚተወው ልክ ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ የተጣራው እ.ኤ.አ. በ1993 መሆኑን። ስለዚህ መጠቅለያ አይታጠብም፣ አይጣልም፤ ጓንት በየዕቃው ይቀየራል፤ ፎቶ ይነሳል፤ ማን ከማን በስንት ሰዓት እንደተረከበ ይጻፋል። የጣት አሻራ የሚፈልግ ሰው ካለ ማጽዳት ከመጀመሩ በፊት ይምጣ።

አፍራሽ፦
ለራዲየም ይኼ ሁሉ?

መምህር፦
ለራዲየምም ከየት እንደመጣ ካልታወቀ ሁለተኛው ሊኖር ይችላል። የጭነት ሰነዱንና ብረቱ የተሰበሰበባቸውን ቦታዎች ስም አሁኑኑ ጻፉ፣ ሹፌሩ ሳይረሳ።

ሚዛን ቤት፦
ባትሪው 8 በመቶ ነው። ባዶውን ልወስድ ነው። አለቃ ስልክ ላይ ነው።

ጫጫ፦
ከርዕሱ ወጣ ልል ነው። የእኛ በር ኒውትሮኑ ብረት የሞላ መኪና በገባ ቁጥር ይጮኻል፣ ጋማው ግን ዝም። ባዶ መኪና ሲሆን አይጮኽም። ይኼም ራዲየም ነው?

ክሪስታል፦
አይደለም፣ ራዲየም ብቻውን ብረት ውስጥ ኒውትሮን አይሰጥህም። እዚህ ከፍታ ላይ ከጠፈር የሚወርደው ጨረር ከባሕር ጠለሉ ብዙ እጥፍ ነው፤ 20 ቶን ብረት ሲመታ ራሱ ኒውትሮን ይረጫል። ንጹሕ መሆኑ የታወቀ ብረት በዚያው ክብደት ጭነህ አሳልፍና አወዳድር። ከጭነቱ ጋር እኩል የሚያድግ፣ ከፊት እስከ ኋላ የተነጠፈ ከሆነ እሱ ነው። አንድ ቦታ ላይ ከሾለ ግን ጋማው ዝም ቢልም መኪናውን አቁም፣ አሜሪሲየም-ቤሪሊየም የተባለ የኒውትሮን ምንጭ በወፍራም ፓራፊንና ብረት ውስጥ ጋማው ሊደበቅ ይችላል። የማንቂያውን ወሰን ከፍ አድርጌ ልገላገል እንዳትል።

የጠባሴ ልጅ፦
ሚዛን ቤት፣ ባዶው ላይ 609 ስንት መጣ?

ቆራሌው፦
ባትሪው ሄዷል መሰለኝ

የጠባሴ ልጅ፦
ቻርጅ ሲሆን ጻፍልን። መኪናውን ግን ማንም እንዳያንቀሳቅሰው።