የተሳቢዎች ዐውደ ርዕይ፦ ለድጎማ የሚገባው የጋራ ዕቅድ

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። አራት ሰሌዳ ነው፤ ሃይሎኖመስ የተባለችው ጥንታዊት ተሳቢ፣ የእንቁላሉ ነገር፣ የራስ ቅል ቀዳዳዎች፣ የአውስትራሊያው የእግር አሻራ። ሐሙስ ካልገባ ገንዘቡ እንደ አምናው ለሌላ ማኅበር ይሄዳል።

ገንዘብ ያዥ፦ የአራት ማሳተሚያ የለንም። ሦስት አድርጉት።

ድንጋይ ለቃሚ፦ ሃይሎኖመስን አረንጓዴ ያደረገው ማነው?

ሠዓሊ፦ እኔ። ምነው?

ድንጋይ ለቃሚ፦ ከምን ተነስተህ? የሥነ ምድር ሊቁ ዳውሰን በካናዳ፣ በጆጊንስ ከዛፍ ጉቶ ውስጥ ያወጣው አጥንት ነው። አጥንት ቀለም አይናገርም።

ሠዓሊ፦ ታዲያ ነጭ ልተወው? በነጻ ሠርቼ ስድብ!

መምህርት፦ ማን ሰደበህ? ግን 20 ሳንቲሜትር የምታህል ነፍሳት አዳኝ በረገፈ ቅጠል መሀል ስትሽሎከለክ ቡናማ ብትሆን ነው የሚሻላት።

አሻራ ተከታይ፦ ከቀለሙ ይልቅ ርዕሱን እዩት። «የመጀመሪያው ተሳቢ» ይላል። ሃይሎኖመስ ከ310 ሚሊዮን ዓመት ጥቂት ቢበልጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ይፋ የሆነው የአውስትራሊያ አሻራ ወደ 355 ሚሊዮን ይጠጋል፤ ከጣቶቹ ጫፍ ላይ የጥፍር ምልክት አለው፣ ጥፍር ደግሞ የተሳቢዎችና የቅርብ ዘመዶቻቸው ዋና መለያ ነው። ስኮትላንድ የተገኘችው ዌስትሎቲያናም «የመጀመሪያዋ» ተብላ ነበር፤ በኋላ ተሳቢነቷ ራሱ አጠራጠረ።

ድንጋይ ለቃሚ፦ ቡናማም ቢሆን ግምት ነው።

ሠዓሊ፦ እንግዲያው ሥዕሌን አነሳለሁ፤ ራሳችሁ ሣሉ።

ገንዘብ ያዥ፦ ካነሳው የአንድ ማሳተሚያ ተረፈ።

ሰብሳቢ፦ ተዉ እንጂ! ለቀለም ብላችሁ ማኅበሩን ልታፈርሱት ነው? ሥዕሉ ይቆያል።

ጸሐፊ፦ የቀዳዳዎቹን መግለጫ እጽፋለሁ ያለው ሰውዬ የት ገባ? ከዓይን ኋላ አንድ ቀዳዳ ያለው የራስ ቅል ወደ እኛ ወደ አጥቢዎች ወገን፣ ሁለት ያለው ወደ እንሽላሊት፣ አዞና ወፍ እንደሚወስድ ማሳየት የዕቅዱ አንኳር ነበር። ባለ አንድ ቀዳዳውን፣ ጀርባው ላይ ሸራ የመሰለ ነገር ያለውን ዲሜትሮዶንን ዳይኖሰር የሚል ሁሉ እሱን ቢያይ ይበቃው ነበር።

ገንዘብ ያዥ፦ ጸሐፊ ካጣ ይውጣ። እንቁላሉም ይውጣ፤ ከዚያ ዘመን አንድም እንቁላል አልተገኘ፣ ምን ልናሳይ?

መምህርት፦ ዋናው እሱ አይደል እንዴ! ሽሉ የራሱን ውኃ ይዞ በሽፋን ባይጠቀለል ኖሮ ማን ከኩሬ ይርቅ ነበር?

ሠዓሊ፦ እሺ ስሙኝ። መስመሩን ብቻ ልተውና ልጆች ራሳቸው ይቀቡት።

ድንጋይ ለቃሚ፦ እሱስ ደግ።

ሰብሳቢ፦ በቃ ተስማማን። ሃይሎኖመስ በትልቁ፣ የልጆች መቀቢያ ግድግዳ፣ አሻራው ከሥር በትንሹ። ጸሐፊ፣ አስተካክለሽ ላኪ።

አሻራ ተከታይ፦ ርዕሱስ?

ገንዘብ ያዥ፦ የቀለም እርሳሱን የሚገዛው ደረሰኝ ይዞ ይምጣ።