ትንሽ ግቢ፣ ጥቁር አፈር፦ የትኛውን ዛፍ እንትከል?

የሰሚቷ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ፣ ሰሚት አካባቢ በ200 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ የተሠራ ቤት አለን። ከቤቱ በስተ ምዕራብ፣ በሳሎኑና በአጥሩ መካከል፣ 7 ሜትር በ9 ሜትር የሚሆን ባዶ መሬት ተርፎናል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በቀጥታ ሳሎኑንና የልጆቹን መኝታ ቤት ትመታለች፤ ከየካቲት እስከ ግንቦትማ መቀመጥ አይቻልም። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ወስነን አንድ ደህና ዛፍ መትከል እንፈልጋለን።

ቤተሰቡ ግን አልተስማማም። ባለቤቴ «ዝግባ ካልሆነ» ይላል፤ የአገር ዛፍ ለልጅ ልጅ ይተርፋል ባይ ነው። እኔ አቮካዶ እፈልጋለሁ። እናቴ ከግቢያችን ቅጠሉን የምትቆርጠው ጌሾ እንዲተከልላት ትመኛለች። ችግኝ የሚሸጥልን ልጅ ደግሞ ግራቪሊያ ቶሎ ያድጋል ብሎናል።

አፈሩ ጥቁር ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ በክረምት ጫማ ይዞ ይቀራል። የፍሳሽ ማጠራቀሚያው ጉድጓድ በሰሜን ጫፍ፣ ከበሩ አጠገብ ነው። የኤሌክትሪክ መስመር ከምዕራቡ አጥር ውጪ በመንገዱ ላይ ያልፋል። በደቡብ በኩል የጎረቤት ግድግዳ አለ። ምን ትመክሩናላችሁ?

ባለ ችግኝ ጣቢያው

እህቴ፣ ግራቪሊያውን ይተዉት። እኔ ራሴ ችግኝ አፍልቼ እሸጣለሁ፤ ግራቪሊያም አለኝ፤ ለዚህ ግቢ ግን አልሸጥልዎትም። ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው፤ ለእርሻ ዳርና ለሰፊ ቦታ ጥሩ ነው። ቶሎ ማደጉ እውነት ነው። ችግሩ 20 ሜትር ደርሶም የማይቆም መሆኑ ነው። ቅርንጫፉ ተሰባሪ ስለሆነ ነፋስ ሲመጣ ጣሪያ ላይ ይወድቃል፤ ቅጠሉ አሸንዳውን ይደፍናል፤ ሽቦው ጋ ሲደርስ ደግሞ በየዓመቱ ሰው ቀጥረው ማስቆረጥ ይኖርብዎታል።

ሌላውን ከመወሰናችን በፊት አንድ ነገር ይሞክሩ። ሊተክሉበት ያሰቡት ቦታ ላይ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ያስቆፍሩና ውሃ ይሙሉበት። ያ ውሃ ሲሰርግ እንደገና ይሙሉትና በማግሥቱ ይዩት። ውሃው አሁንም ተኝቶ ከተገኘ፣ በክረምት የዛፉ ሥር ሳምንታት ሙሉ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል ማለት ነው። የአቮካዶው ጉዳይ በዚህ ይወሰናል።

መሐንዲሱ

ስለ ዛፍ ዓይነት ከእኔ የበለጠ የሚያውቁ አሉ። እኔ ስለ መሠረቱ ልናገር፤ ከቦሌ እስከ አቃቂ ባለው ሜዳ መረሬ አፈር ብዙ ነውና፣ የገለጹትም እሱኑ ነው።

መረሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። በበጋ፣ አፈሩ ራሱ በደረቀበት ሰዓት፣ ትልቅ ዛፍ ከመሠረቱ ሥር የቀረችውን እርጥበት ሲመጥ መሬቱ በዚያ በኩል ብቻ ዝቅ ይላል። ቤቱ በአራቱም ማዕዘን እኩል ቢወርድ ብዙም ባልጎዳው፤ ግድግዳ የሚሰነጠቀው አንዱ ጥግ ብቻውን ሲወርድ ነው። ስንጥቁ ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ይነሣና በሰያፍ ይሄዳል። ብዙ ሰው ሥሩ ግድግዳውን ገፍቶ የሰበረው ይመስለዋል። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ ግን ዋናው ጉዳት የሚመጣው ከመግፋት ሳይሆን ከማድረቅ ነው።

ስለዚህ ቀላል መለኪያ ልስጥዎት፦ ዛፉ አድጎ ሲጨርስ የሚኖረው ቁመት ስንት ነው? ቢያንስ ያንኑ ያህል ከቤቱ ይራቅ። እርስዎ ከአጥሩ ትንሽ ገባ ብለው ቢተክሉ ከሳሎኑ ግድግዳ 6 ሜትር ያህል ያገኛሉ። ስለዚህ ከ5 እስከ 6 ሜትር የሚቆም፣ ወይም በመግረዝ እዚያው ሊያዝ የሚችል ዛፍ ይፈልጉ። ዝግባ፣ ጃካራንዳ፣ ግራቪሊያ፣ ባሕር ዛፍ ሁሉም ከዚህ ያልፋሉ። ሾላና ዋርካማ አይነሡ።

ለጥላውም ከዚህ የሚበልጥ አያስፈልግዎትም። የሚያስቸግርዎት ከምዕራብ ዝቅ ብሎ የሚገባው ፀሐይ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ጀምሮ 6 ሜትር ርቀት ላይ የቆመ የ5 ሜትር ዛፍ መስኮቱን ይጋርደዋል። የእኩለ ቀኑን ፀሐይ ጣሪያው ይከላከላል፤ ለእሱ ዛፍ አይተከልም።

የፍሳሽ ጉድጓዱን በተመለከተ፦ ሥር ጤነኛ ቧንቧ አይሰብርም፤ የሚያንጠባጥብ መገጣጠሚያ ካገኘ ግን ገብቶ ይሞላዋል። ከሰሜኑ ጫፍ ይራቁ፤ የደቡብ ምዕራቡን ጥግ ይምረጡ።

የጉለሌው

ይቅርታ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። እኔ ያደግሁት ጽድና ወይራ ደጃፉ ላይ ባለ ቤት ነው፤ ጉለሌም ሽሮ ሜዳም ከዛፍ ጋር ተያይዘው ያረጁ ቤቶች ሞልተዋል፤ አንዱም አልፈረሰም። በዚህ ዓይነት ምክር ከተማው ሁሉ የኮክ ችግኝ ብቻ ሆኖ ሊቀር ነው። ዝግባ፣ ጽድና ወይራ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ብቻ የተረፉት ሌላ ቦታ ሁሉ «አይሆንም» ስለተባሉ ነው። የባለቤትዎን ሐሳብ አይናቁት።

መሐንዲሱ

የተናገሩት ስለ ቤቶቹ እውነት ነው፤ ምክንያቱም አፈሩ ሌላ ነው። ወደ እንጦጦ ግርጌ ስንወጣ ቀይ አፈር እናገኛለን። ቀይ አፈር ውሃ ያሳልፋል፤ እንደ መረሬ አያብጥም፣ አይኮማተርም። በጉለሌ ያየነውን ወደ ሰሚት ማምጣት አንችልም። እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያለበት ግቢ ውስጥ ዝግባ ትከሉ ብሎ መምከር ይከብደኛል።

የጉለሌው

የአፈሩን ልዩነት አላሰብሁትም፤ ተቀብያለሁ። ግን ዝግባው እንዳይቀር እለምናለሁ። ባለቤትዎ ከልጆቹ ጋር ሆነው በደብራችሁ ቅጥር ወይም በልጆቹ ትምህርት ቤት ግቢ፣ ካስፈቀዱ በኋላ፣ ይትከሉት። በደን ውስጥ ከ30 ሜትር በላይ የሚሄድ ዛፍ ነው፤ የሚገባው ቦታ ይሰጠው። ሲያድግ ዝግተኛ ነው፤ በልጅነቱ ግን ጥላ ይችላል፣ ስለዚህ በሌሎች ዛፎች መካከል ቢተከልም ያድጋል።

የቀድሞዋ መምህርት

ልጄ፣ ግብርና ሳስተምር ኖሬአለሁ፤ በጡረታዬም እጄ ከአፈር አልወጣም። ከዛፉ የሚያስፈልግሽ ሁለት ነገር ነው፦ በበጋ ቅጠሉን የማያራግፍ፣ ቁመቱም የማያስፈራ። ኮክ ጣፋጭ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ቅጠሉን አራግፎ የሚቆምበት ጊዜ አለው፤ ፍሬውንም የፍሬ ዝንብ ይገባበትና ትል ያፈራል። የወደቀውን በየቀኑ ለቅመሽ በጥልቀት የምትቀብሪ ካልሆንሽ ከዓመት ዓመት ይብሳል።

አፕል የጨንቻና የደብረ ብርሃን ብርድ ነው የሚስማማው። ብዙ ብርድ የማይፈልጉ እንደ አና እና ዶርሴት ጎልደን ያሉ ዝርያዎች አሉ፤ እነሱም በደንብ እንዲያፈሩ ጎን ለጎን ሁለቱም ቢተከሉ ይሻላል። ለአንቺ ግቢ የመጀመሪያ ምርጫዬ አይደለም።

እኔ የምልሽ ወሽመላ ነው። አዲስ አበባ በየድሮው ግቢ ታገኚዋለሽ። ሰፊና ወፍራም ቅጠል አለው፤ ዓመቱን ሙሉ አይራቆትም። ከተገረዘ 5 ሜትር ላይ ይያዛል። ቢጫ ፍሬው ለልጆች ደስታ ነው፤ ፍሬው የሚያቅፈውን ትልልቅ ዘር ግን እንዳያኝኩት ንገሪያቸው። ከዘር የበቀለው ፍሬ ለማየት ብዙ ዓመት ያስጠብቃል፤ የተዳቀለ ካገኘሽ እሱን ግዢ።

የሰሚቷ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። እናቴ ወሽመላ የሚለውን ስትሰማ ደስ አላት። ጉድጓዱን አስቆፍረን ሞከርነው፤ በማግሥቱ ውሃው ከግማሽ በላይ ነበር። ታዲያ አቮካዶ ጭራሽ አይሆንም ማለት ነው? ወሽመላስ ይችለዋል? ጌሾውን የት እናድርገው?

ባለ ችግኝ ጣቢያው

በቀጥታ መሬት ላይ ከተከሉት አቮካዶ አይሆንም። የአቮካዶ ሥር ላይኛው አፈር ላይ የሚዘረጋና አየር የሚፈልግ ነው። ውሃ የተኛበት አፈር ውስጥ ሥር አበስባሽ በሽታ ይይዘዋል፤ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ጫፉ ይደርቃል፣ ሰው ውሃ የጠማው መስሎት ይጨምርለታል፣ ያኔ ጨርሶ ይሞታል። በርካታ ደንበኞች ችግኙን ሲከሱ ሰምቻለሁ፤ ጥፋቱ የአፈሩ ነበር። ወሽመላም የተኛ ውሃ አይወድም፤ ከአቮካዶ ግን ይሻላል።

ለወሽመላው መፍትሔው ወደ ታች መቆፈር ሳይሆን ወደ ላይ መከመር ነው። በመረሬ ውስጥ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ለስላሳ አፈር ቢሞሉበት የግቢው ውሃ ሁሉ ተሰብስቦ እዚያ ይቀመጣል። ይልቁንስ በደቡብ ምዕራቡ ጥግ ግንዱ ከጎረቤት ግድግዳ 2 ሜትር፣ ከምዕራቡ አጥር 1 ሜትር ገደማ ፈቀቅ ብሎ እንዲቆም አድርገው 2 ሜትር በ2 ሜትር ስፋት፣ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የአፈር መደብ ይሥሩ። ቀይ አፈር፣ በደንብ የበሰለ ኮምፖስትና ጥቂት አሸዋ ይደባለቁ። ከሥሩ ያለውን መረሬ በመጠኑ ይቆስቁሱት እንጂ አይቆፍሩት። የዝናቡ ውሃ ከመደቡ ርቆ በቦይ እንዲወጣ ያድርጉ፤ ወደ ቤቱ መሠረት እንዳይሄድም ይጠንቀቁ።

መደቡን አሁን በግንቦት ቢሠሩት እስከ ሐምሌ ይረጋል። ዝናቡ በደንብ ሲይዝ፣ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ፣ ይትከሉ። ችግኙን ሲገዙ ትልቁን አይምረጡ፤ ግንዱ የጠነከረውንና ሥሩ በፕላስቲኩ ውስጥ ያልተጠቀለለውን ይምረጡ። ፕላስቲኩን ሙሉ በሙሉ ቀድደው ያውጡ፤ ይህን ለብዙ ሰው ነግሬ ብዙ ሰው ከነፕላስቲኩ ይተክላል። በከረጢቱ ውስጥ ከነበረበት ከፍታ በላይ ግንዱን በአፈር አይቅበሩት። የተዳቀለ ከሆነ ሁለቱ ዛፎች ከተጋጠሙበት ጠባሳ በታች የሚያቆጠቁጠውን ሁሉ ገና ለጋ ሳለ በእጅ ይንቀሉት፤ አለበለዚያ የታችኛው ዛፍ ላይኛውን ያሸንፈዋል።

ከጥቅምት እስከ ክረምት መግቢያ ውሃ አይለየው፤ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን 3 በጋዎች። ጥቂት ጥቂት በየቀኑ ከማርከፍከፍ በሳምንት ሁለት ጊዜ በደንብ ማጠጣት ይሻላል። ዙሪያውን ደረቅ ሣር ያልብሱት፤ ሣሩ ግን ግንዱን አይንካ።

የቀድሞዋ መምህርት

ጌሾውን ለእኔ ተዉልኝ። በደቡቡ ግድግዳ ጥግ፣ ወሽመላው ከቆመበት 2 ሜትር ተኩል ያህል ወደ ቤቱ ጠጋ አድርጊው። ጥላ አይጠላም፤ ቁጥቋጦ ስለሆነ ለመሠረቱም አያሰጋም፤ እናትሽ ቅጠሉን ለጠላ፣ እንጨቱን ለጠጅ እየቆረጠች ስትወስድ ራሱ ይገረዛል። ለእሱም ትንሽ መደብ ሥሪለት። የመጀመሪያውን ዓመት ግን አትንኩት፤ ሥር ይያዝ።

የሰሚቷ

ለጎረቤታችን መንገር አለብን? ቅርንጫፉ ወደ እሳቸው ቢያልፍስ?

መሐንዲሱ

ከመትከልዎ በፊት ይንገሯቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1225 ባለቤት በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳይጎዳና እንዳያውክ ይከለክላል። ሕጉ ሳይነሣም ከግድግዳቸው 2 ሜትር መራቅዎን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። ወደ እሳቸው የሚያዘነብለውን ቅርንጫፍ ገና እጅ በሚደርስበት ዕድሜው ይቁረጡት፤ ከወፈረ በኋላ ቁስሉም ወጪውም ይበዛል።