ክርክር፦ የጉሮሮ ካንሰር ከምንበላው ነው ወይስ ከምናጨሰው?

የሸዋ በር ልጅ፦ ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች። የእድራችን ወጣቶች ስለ አፍና ጉሮሮ ካንሰር ቅስቀሳ ልናደርግ ነው። ገና ከመጀመሩ ተጣልተናል። ግማሹ «በርበሬው፣ ፍል ቡናው፣ ገንፎው ነው፤ ስለ ምግብ እናስተምር» ይላል። ግማሹ «ሲጋራና አረቄ እያለ ስለ ምግብ ማውራት ጊዜ መጨረስ ነው» ይላል። እኔ ምግቡ ባይ ነኝ። አያቴ ሲጋራ በእጇ ነክታ አታውቅም፣ መጠጥ ሐራም ብላ የኖረች ሴት ናት። ግን መጀመሪያ እንጀራው አልወርድ አላት፣ ከዚያ ሾርባው፣ መጨረሻ ላይ ውሃ እንኳ እየመለሳት ነው የሞተችው። ቡናዋን ከጀበና እንደወረደ ነበር የምትጠጣው። «ካልፋጀ ምኑን ቡና ሆነ» ትል ነበር።

ፒያሳ፦ አላህ ይዘንላት ወንድሜ። ግን አልስማማም። የኔ አጎት የምላሱ ጎን ላይ ቁስል ወጣበት። ጥርሱ እየፋቀው መስሎት ቅርንፉድ ሲይዝበት ከረመ። ከ40 ዓመት በላይ አጭሷል፣ ማታ ማታ አረቄ አይቀርበትም ነበር። ሐኪም ጋ ሲደርስ አንገቱ አብጦ ነበር። አሁን ወጥተን «ቡና አብርዱ» ብንል አጫሹ ምን የሚያደርግ ይመስልሃል? ቡናውን አብርዶ ሲጋራውን ይለኩሳል።

ነርስ ነኝ፦ ሁለታችሁም እውነት ነው የምትሉት፣ ግን የምታወሩት ስለ ሁለት በሽታ ነው። እኛ አገር እዚያ አካባቢ ያለው ሁሉ «የጉሮሮ ካንሰር» ይባላል። የአያትህ ከምልክቱ የምግብ መውረጃ ቱቦው ይመስላል። የሙቀት ነገር የሚነሳው እዚያ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 እ.ኤ.አ. ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥ ለዚህ ቱቦ ካንሰር ሳይዳርግ እንደማይቀር ተናግሯል። ጥፋቱ የቡናው አይደለም፣ የሙቀቱ ነው። አርሲና ባሌ ይህ በሽታ በብዛት ይታያል፣ እዚያ ከተጠረጠሩት አንዱ ትኩስ ገንፎ ነው። የአፍና የምላሱ ግን ሌላ ነው። እዚያ ዋናዎቹ ትምባሆና አልኮል ናቸው። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ጉዳቱ መደመር ብቻ አይደለም፣ ይባዛል።

ኮምቦልቻ፦ በርበሬውስ? ጫቱስ?

ነርስ ነኝ፦ በርበሬ ላይ የተረጋገጠ ነገር የለም። የሻገተውን ግን ጣሉት፣ እሱ የሚያሰጋው ጉበትን ነው። ጫት ላይ ጥናቶቹ አልተስማሙም። ግን እስቲ ጫት ብቻውን ቅሞ የሚነሳ ስንቱ ነው? ሲጋራው አብሮ አለ፣ ማታ ደግሞ ጨብሲው።

ሆጤ፦ የ65 ዲግሪውን ነገር ቤት ሞከርኩት። ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 አካባቢ ነው። ሲኒ ላይ ስቀዳው ቴርሞሜትሩ 80 አነበበ። 65 እስኪደርስ 4 ደቂቃ ገደማ ፈጀ። አራት ደቂቃ ማለት ቁርሱ ዞሮ እስኪያልቅ ነው እኮ! ማንንም ቡና አልከለከልንም።

የጎመን ነጋዴ፦ እናንተዬ፣ ምግብ ስትሉ የምንበላውን ብቻ ነው የምታወሩት። የማንበላውስ? ገራዶ አፍንጫችን ስር ነው። ጎመኑ፣ ካሮቱ፣ ቲማቲሙ ይመጣል። የሚገዛኝ ሰው ግን ለበዓል ነው፣ ሌላ ቀን ጠዋትም ማታም ሽሮ ነው። ልጆቼ ራሳቸው ፍራፍሬ የሚቀምሱት ሲታመሙ ነው።

ነርስ ነኝ፦ እህቴ፣ ዋናውን ነገር ተናገርሽ። አትክልትና ፍራፍሬ አዘውትሮ የሚበላ ሰው ለአፍና ለጉሮሮ ካንሰር ያለው ስጋት ያነሰ እንደሆነ ብዙ ጥናት አለ። የሚያጨስ ሰው ግን ጎመን በልቶ አያመልጥም፣ ይህንንም ጻፉልኝ።

ፒያሳ፦ እንዲህ ከሆነ እስማማለሁ። ሲጋራና አረቄው በትልቁ ከላይ ይጻፍ፣ ምግቡ ከስር።

የሸዋ በር ልጅ፦ እሺ፣ እንዲያ እናድርገው። የአያቴን ነገር ግን እኔው ቆሜ እናገራለሁ።

ኮምቦልቻ፦ ነርሷ፣ ይቅርታ፣ ሌላ ጥያቄ ነው። እናቴ የታችኛው ድዷ ላይ ነጭ ነገር አለ፣ መሀሉ ቆስሏል። አያማትም። ወር ሊሞላው ነው። አፏን በጨው ውሃ እየተጉመጠመጠች ነው።

ነርስ ነኝ፦ አብሽር፣ ካንሰር ነው አላልኩህም። ግን ከ2 ሳምንት በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስል መታየት አለበት። አያማትም ብለህ አትዘናጋ፣ ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። ነገ ጠዋት ይዘሃት ሂድ፣ ከዚያ እዚሁ ጻፍልኝ።